ስለ አዲሱ ደራሽ የተሰጠ አስተያየት

ሱራፌል ተክለማርያም ዜና የሚያነበው ከቁርስ በፊት፣ በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነው። የደብረ ብርሃን ጉም ከመስተዋቱ ውጭ ተኝቶ ይቆያል። እሱ ገበያ ላይ ስለወጡት አዳዲስ ዕቃዎች የተጻፈውን ያነብባል፤ ሲጨርስ አስተያየቱን ይሰጣል። ዜናውን የሚጽፈው ሰው አይደለም። ሰው ዜና መጻፍ ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሰው እጅ የቀረው አስተያየቱ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህም አብዛኛው አንባቢ ዜናውን ዘልሎ ወደ አስተያየቱ ይሄዳል።

«መሣሪያና ሰው» የተባለው ገጽ ሱራፌልን «የታመነ አንባቢ» ብሎ ሰይሞታል። ስያሜውን ያገኘው በጩኸት አልነበረም። ሌሎች «ግሩም ነው» ወይም «ገንዘባችሁን አታቃጥሉ» ብለው ሲያልፉ እሱ ዕቃውን የት እንደ ሞከረው፣ በምን ዓይነት አየር፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ተጠቀመበት ይጽፋል። የሚያመሰግነውን ያመሰግናል፤ ጉድለቱንም አይደብቅም። በሚሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት ማቀዝቀዣም ሆነ ማዳመጫ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ «ሱራፌል ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ደስታውን ግን አያሳይም።

በየካቲት መጨረሻ ፍሬሕይወት አረፈች። የናሆም ሚስት ነበረች። ናሆም የብርድ ልብስ ፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ከሱራፌል ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተምረዋል፤ ሲያገቡም አንዱ ለሌላው ሚዜ ሆኗል። ሱራፌል ቀብሩ ላይ ራሱ ተገኝቷል። ቀብር ላይ አሁንም ሰው ነው የሚሄደው። ከቀብር በኋላ ላለው ግን ደራሽ አለ።

ደራሽ ከደረት በላይ አንድ ሰው የሚያክል መስተዋት ነው። የባለቤቱን ፊት ያሳያል፤ በባለቤቱ ድምፅ ይናገራል። የዕድሩ መኪና ጠዋት ከየቤቱ ይሰበስባቸውና ድንኳኑ ውስጥ በየወንበሩ ያስቀምጣቸዋል፤ ሲመሽ ደግሞ መልሶ ያደርሳቸዋል። ወንዶቹ አቀርቅረው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይታያሉ። ነፋስ ድንኳኑን ሲያርገበግበው የነጠላዎቹ ጫፍ አይነቃነቅም። በአካል የሚመጡት ጥቂት ሽማግሌዎችና ወጥ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የዕድሩ ደንብ ባለቤቱ በያለበት ሆኖ ከመስተዋቱ ጀርባ እንዲገኝ ያዝዛል፤ እንዲያይ፣ እንዲሰማ፣ ሐዘንተኛው ሲያናግረው እንዲመልስ። ደንቡ የወጣው ለቀድሞው ሞዴል ነው። አዲሱ ሞዴል ባለቤቱን ለጥቂት ቀናት ካጠና በኋላ ብቻውን ይቀመጣል። ዕድሩ በዚህ ጉዳይ ገና አልተነጋገረም ነበር።

ሱራፌል አዲሱን ደራሽ የተቀበለው ከቀብሩ በፊት ባለው ሳምንት ነው፤ አምራቹ ለታመኑ አንባቢዎች አስቀድሞ ይልካል። በመጀመሪያው ጠዋት ከጀርባው ሆኖ ድንኳኑን ተመለከተ። ናሆም ከፊት ተቀምጦ ነበር። ደራሹ ሱራፌል ሊል ያሰበውን ሱራፌል ሳይለው ተናገረ፤ ድምፁም በሚገባው ቦታ ላይ ሰበር አለ። ሱራፌል ትንሽ ጠበቀ። እንዲያውም የተሻለ ነው ብሎ አሰበ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ የውሃ ግፊት ሲቆጣጠር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጉንፋን ጀማምሮት ስለ ነበር ምሳውን በልቶ ተኛ።

አስተያየቱን የጻፈው በሳምንቱ ነው። እንደ ወትሮው ተጠንቅቆ ጻፈ፤

«አዲሱን ደራሽ በደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር በአንድ ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ሞክሬዋለሁ። ባትሪው አልተቋረጠም። ብርዱም አልጎዳውም። የቀድሞው ሞዴል እንባው ዘግይቶ ይመጣ ነበር፤ የዚህኛው ከሐዘንተኛው እኩል ነው። ከቤተ ሰቡ የጠረጠረ የለም። እኔ በዚያው ሰዓት ሥራዬን ሠርቻለሁ፤ በሦስተኛው ቀን ዕረፍትም አድርጌአለሁ። ጉድለቱ አንገቱ ነው፤ ሲያቀረቅር ጥቂት ያበዛዋል። ከዚህ በቀር ያለ ሥጋት ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።»

የናሆምን ስም አልጻፈም። የሰፈሩን ስም የጻፈው ቦታ ያልተጠቀሰበት አስተያየት አይታመንም ብሎ ስለሚያምን ነው። በዚያ ሳምንት በጠባሴ ከፍሬሕይወት በቀር የሞተ ሰው አልነበረም። ይህን ሲጽፍ አላሰበውም። የሚያስበው ስለ አንገቱ ነበር።

አስተያየቱ የሳምንቱ ምርጥ ተባለ። የሳምንቱ ምርጥ አስተያየት በባጃጆች ውስጥ ከማስታወቂያ በፊት ይነበባል። ሱራፌል በማግሥቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ከሁለት ሴቶች ጋር ተሳፍሮ ነበር። ባጃጁ የሱን ቃላት በሚያምር ድምፅ አነበበ። «ዕረፍትም አድርጌአለሁ» የሚለው ላይ ሲደርስ አንደኛዋ ሴት ከት ብላ ሳቀች።

«እሰይ፣ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ተገኘ» አለች። «የኔ እኮ እንባው የሚመጣው ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ነው።»

ሁለተኛዋ አልሳቀችም። ጠባሴ ማን ሞቶ ነው ብላ ጠየቀች። የመጀመሪያዋ ትንሽ አሰበችና ያቺ አንደበቷ ተይዞ የነበረችው፣ የመካኒኩ ሚስት ሳትሆን አትቀርም አለች። ሱራፌል ከመሥሪያ ቤቱ ራቅ ብሎ ወረደ። በእግሩ ሲሄድ ጆሮው ድረስ ይግል ነበር፤ ብርዱ ግን አልተሰማውም።

ከሰዓት በኋላ አስተያየቱን ለማንሣት ሞከረ። የሳምንቱ ምርጥ የተባለ አስተያየት አይነሣም፤ ማሻሻያ ግን መጨመር ይቻላል። «ለማሻሻል» የሚለውን ነካና ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈ፤ አጠፋው። ሌላ ጻፈ፤ ይኸኛው ደግሞ ስለ ዕድሩ ደንብ ነበር፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ ምንም ሳይጨምር ገጹን ዘጋው።

ሚስቱ ቃልኪዳን ወሬውን የሰማችው ከሴቶቹ ነው። ሦስቱን ቀን በናሆም ቤት ወጥ ቤት ውላለች። በየመካከሉ ወደ ድንኳኑ ብቅ ስትል ባሏን በወንበሩ ላይ አቀርቅሮ ታየው ነበር፤ በመሥሪያ ቤቱ ዝግ ክፍል ውስጥ ከመስተዋቱ ጀርባ ተቀምጦ እንደሚያለቅስ አስባ አዝናለታለች። አንድ ጊዜም ወደ መስተዋቱ ተጠግታ ምሳ በልተሃል ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። በልቻለሁ፣ አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂ ብሏታል።

ይህን ለሱራፌል ስትነግረው ድምፅዋን አላነሣችም። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ፊቷን ወደ እሱ አላዞረችም።

«እኔ እዚያ ሽንኩርት ስልጥ አንተ ተኝተሃል» አለች። «እሱስ ይሁን። ተኝቼ ነበር ብለህ ለአገር የምትጽፈው ምን ብትሆን ነው?»

ሱራፌል ሰው ተታልሎ እንዳይገዛ ብሎ እንደሆነ ተናገረ። እየተናገረ ሳለ የሚለውን ራሱ ሰማው፤ ሳይጨርስም ተወው።

የናሆም ልጅ ሶልያና የደወለችው በሚቀጥለው ቀን ነው። ሰላምታዋ እንደ ወትሮው ረጅም ነበር፤ የቃልኪዳንን ጤና ጠየቀች፤ የመሥሪያ ቤቱን ሁኔታ ጠየቀች። ከዚያም አባቷ ቅዳሜ ሊያገኘው እንደሚፈልግ ነገረችው።

«በአካል ቢመጡ ይመርጣል፣ ጋሼ» አለች። «በሁለተኛው ቀን ብቻችሁን ሆናችሁ የነገረዎት ነገር አለ። ሰምተውት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ምን እንደሆነ ለኔም አልነገረኝም።»

እመጣለሁ አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ደራሹ የሰማውን ሁሉ ለተወሰነ ጊዜ እንደሚያቆይ አስታወሰ። በመመሪያው ውስጥ አንብቦታል፤ እንዲያውም በአስተያየቱ ላይ ሊጠቅሰው አስቦ ቦታ ስለጠበበው ትቶት ነበር።

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ባልደረቦቹ ሲወጡ፣ የክፍሉን በር ዘጋና ደራሹ ያቆየውን የሁለተኛ ቀን ድምፅ ከፈተ። ይህን የሚያደርገው ናሆም ዘንድ ባዶውን ላለመሄድ መሆኑን ለራሱ ነገረው። መስማት የጀመረው ከድንኳኑ ሁካታ ነው፤ ቀጥሎ ሰው ተበተነ፤ ቀጥሎ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ናሆም ወደ ደራሹ ቀርቦ ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

ናሆም የተናገረው ስለ ፍሬሕይወት የመጨረሻ ወር ነበር። ሕመሙ አንደበቷን ይዞት፣ አንድ ቃል ተናግራ ታርፍ፣ ሌላ ቃል ተናግራ ደግሞ ታርፍ ነበር። ናሆም ቀን ሲያነሣትና ሲያስተኛት ውሎ ይደክመዋል። ስለዚህ ጆሮው ላይ የሚያደርገውን ማዳመጫ ንግግር እንዲያሳጥርለት አዘዘው። እሷ ወተት እስኪፈላ ድረስ ስትናገር ቆይታ በሱ ጆሮ የሚደርሰው «ውሃ ትፈልጋለች» ወይም «ለልጅቷ ትጨነቃለች» የሚል ብቻ ሆነ። ኑሮ ቀለለ። ማዳመጫውን የገዛው ሱራፌል ለረጅም ስብሰባና ለአዛውንት ወላጆች እጅግ ይጠቅማል ብሎ የጻፈውን አንብቦ ነው። አንተን ለመውቀስ አይደለም አለ ናሆም፤ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ያልከውን ሁሉ ይሠራል።

«በመጨረሻው ቀን እጄን ይዛ ብዙ ተናገረች» አለ። «ብዙ፣ ሱራ። አፍ አፏን አያለሁ። በጆሮዬ የመጣው ‹ታመሰግንሃለች፤ በሩን ዝጋ ትላለች› የሚል ነው። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። ስመለስ ጨርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሱራፌል መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ነበር። ቀጥሎ የራሱን ድምፅ ሰማ። ስትናገር ዓይኗ የት ነበር ብሎ ናሆምን ጠየቀው። ናሆም እኔ ላይ አለ። የሱራፌል ድምፅ እንደገና ዝም አለና፣ «እንግዲያው ያመለጠህ ቃሉ ነው፤ እሷ አላመለጠችህም» አለ። ናሆም አለቀሰ። ሲበርድለት ድምፁ ስለ እሷ ንገረኝ አለው፤ ናሆምም ነገረው። እንዴት እንደምትስቅ፣ ገበያ ሄዳ የምትረሳውን፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካው በር ላይ ምሳ ይዛ ትጠብቀው የነበረበትን ጊዜ፣ መብራት እስኪበራ ድረስ ነገረው። ድምፁ አላቋረጠውም።

ሱራፌል ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያስደነገጠው ግን የሰማው ብቻ አልነበረም። ናሆም «በሩን ዘጋሁ» ባለበት ቅጽበት በራሱ በሱራፌል አእምሮ ውስጥ የመጣውን ያውቀዋል። የመጣው፣ የናሆም ማዳመጫ የፍሬሕይወትን ዋና ድምፅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ሊኖረው እንደሚችል ነው።

ቅዳሜ በአካል ሄደ። ናሆም ግቢው ውስጥ ብርድ ልብሶች ፀሐይ ላይ እያሰጣ ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የለም፤ ለዓመታት ያረፈበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ሰላም ተባባሉ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቃልኪዳን፣ ስለ ውሃው መቆራረጥ ተጠያየቁ። ሱራፌል ቆሞ ቀረ። ናሆም ወንበር ስቦ ሰጠው።

«ተቀመጥ። አንገትህ ደኅና ነው?» አለ። «ሲያቀረቅር ያበዛዋል ተብሎ ተጽፎ አየሁ።»

ሱራፌል ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ይቅርታ አድርግልኝ አለ። ናሆም እጁን አወዛወዘ፤ ስለ እሱ አልጠራሁህም ማለቱ ነበር። ሁለቱ በቀትር ፀሐይ በብርድ ልብሶቹ መካከል ተቀመጡ።

«ያን ቀን የነገርኩህን ሰምተኸዋል?»

«ያን ቀን አልሰማሁም።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

ሱራፌል በመንገድ ላይ ይህን ጥያቄ ጠብቆት ነበር። አልሰማሁም ቢል ናሆም እንደሚያምነው ያውቃል። ፊቱን ለማስተካከል ሲሞክር ራሱን አገኘው፤ ቅንድቡን በትንሹ ዝቅ፣ ከንፈሩን ገጠም። ይህን ፊት ያውቀዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ በወንበሩ ላይ ያየው ፊት ነው። ተወው።

«ትናንት ሰማሁት» አለ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ናሆም የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቱ አሻሸ። ሳትሰማው እንድታጠፋው ልለምንህ ነበር የጠራሁህ አለ። ማንም እንዳልሰማው ቢሆንልኝ ብዬ ነው፤ ለሰው መንገር ፈልጌ ሰው ስላልነበረ፣ እንዳልተነገረ ልቁጠረው ብዬ ነው። አሁን ዘገየሁ። ይህን ያለው እንደ ተራ ነገር ነው። ሱራፌል ከዚህ በላይ ሊቀጣው የሚችል ቃል እንደሌለ አሰበ፤ ናሆም ግን ቀና ብሎ አየው።

«እንግዲህ ሰምተኸዋል» አለ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

በዕቃ ሁሉ ላይ የሚለውን የማያጣው ሰው አሁን የሚለውን ፈለገ። የመጡለት ደራሹ የተናገራቸው ቃላት ብቻ ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ ቀድመው ተብለዋል። ዝም ለማለት አሰበ። ዝምታውን ግን አልቻለበትም። ከቃላቱ ጀርባ የቀረው አንድ ነገር ነበርና እሱን ሲናገር ድምፁን ሰማ።

«ማዳመጫው ምናልባት ዋናውን ድምፅ አስቀምጦት ከሆነ…»

«ጠይቄአለሁ» አለ ናሆም። «አያስቀምጥም።»

ሶልያና ሻይ ይዛ መጣች። ሁለቱን አይታ ኩባያዎቹን አስቀምጣ ተመለሰች።

«ያን ቀን ወንበሩ ላይ አንተ ራስህ ብትሆን ኖሮ» አለ ናሆም፣ «ይህንኑ ነበር የምትለኝ?»

ሱራፌል ሻዩን አየ።

«ይመስለኛል» አለ።

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ለረጅም ጊዜ ሲያስበው የነበረን ነገር ያረጋገጠ ሰው ይመስል ነበር። ሻዩን ጠጣ፤ ኩባያውን መሬት ላይ አኖረ።

«ለአርባዋ ሰው እጠራለሁ» አለ። «አንተ አትምጣ። እሱን ላክልኝ።»

«ናሆም…»

«በክፉ አይደለም፣ ሱራ። ጀምሬለት ያልጨረስኩለት ነገር አለ።» የብርድ ልብሱን ጫፍ ወደ ፀሐይ አዞረ። «ከጀርባው ግን እንዳትሆን። በኋላም እንዳትሰማው።»

ሱራፌል የሚለምንበት ቃል ፈለገ። መጥቼ ዝም ብዬ ልቀመጥ ማለት ፈለገ። ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ሰው መሆኑን ግን ሁለቱም ከጥቂት ደቂቃ በፊት አይተዋል።

«እልከዋለሁ» አለ።

ሊሄድ ሲነሣ ናሆም አብሮት ተነሣ፤ ቅር እያለው እንኳ እንግዳ ሳይሸኝ የሚቀር ሰው አይደለም። እስከ ግቢው በር አብረው ሄዱ። በሩ ላይ እንደ ቆሙ የዕድሩ ዳኛ በመንገዱ ሲያልፉ አዩአቸው። ዳኛው ዜናም አስተያየትም የማያነቡ፣ በለቅሶ ሁሉ በአካል የሚገኙ ሽማግሌ ናቸው። ቆም ብለው ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከቱ፤ ፊታቸውም በራ።

«ጎሽ» አሉ ሱራፌልን ትከሻውን እየያዙ። «በዚህ ዘመን በእግሩ መጥቶ የሚጠይቅ ጓደኛ የት ይገኛል? ናሆም፣ እግዜር አንድ ሰው ትቶልሃል።»

«እውነትዎን ነው» አለ ናሆም።

ሱራፌል ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ዳኛው ይህን ለሐዘን ቆጠሩትና ትከሻውን እንደ ያዙ አብረውት ቆዩ።